ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ በአፍ ውስጥ እንዲስማማ ስለ ማድረግ

ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ንግግር



ስለ ቤት ጽዳት በምናደርገው ንግግር ስለ ምንጭ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ዝንብና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ዛሬ ግን እምብዛም ስለማይነሣ ነገር ልንነግራችሁ ወደድን። ይኸውም ጥርሳቸው ረግፎ ስላለቀ አያቶችና ስለሚሠራላቸው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው።

ምናልባት፣ «ይህ ደግሞ ከቤት ጽዳት ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደ ሳሕንና እንደ ብርጭቆ በየቀኑ መታጠብ ያለበት፣ ማታ ወልቆ ጧት የሚደረግ ዕቃ ነው። አጠባበቁም በቤተ ሰቡ እጅ ነው። ደግሞ ዕቃው ለአፍ ካልተስማማ ባለቤቱ እንደ ልቡ አይበላም። እንደ ልቡ ያልበላ ሽማግሌ ይከሳል፣ ይደክማል፤ በሽታም በቀላሉ ይደፍረዋል። ከማዕድ ሲርቅም ከቤተ ሰቡ ጨዋታ ይርቃል።

ከዛሬው ንግግራችን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልን እንለምናችኋለን። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠርቶ የሚያልቀው ከሐኪሙ እጅ በተቀበላችሁት ቀን አይደለም። የሚያልቀው ባለቤቱ በልቶበት፣ ያመመውን ቦታ ለሐኪሙ ተመልሶ አሳይቶ፣ ሐኪሙም አስተካክሎለት፣ ሳያመው ማኘክ በቻለ ቀን ነው። ስለዚህ ሲያም ጥርስን ነክሶ መታገሥም ቢሆን፣ በቤት ውስጥ በሞረድ መሞረድም ቢሆን፣ አውልቆ በሣጥን መቆለፍም ቢሆን ሦስቱም አይበጁም። የሚበጀው አራተኛው ነው፤ እርሱም ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። የተፈጥሮ ጥርስ ሥር አለው፤ ሥሩም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ምሰሶ ተተክሎ ይኖራል። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ሥር የለውም። ድድ በሚመስል መደብ ላይ ጥርሶች ተደርድረው የተያያዙበት ነው። መደቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አክሪሊክ ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የጥርስ ሐኪሞች ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

የላይኛው መደብ ላንቃውን ይሸፍናል። በመደቡና በላንቃው መካከል ያለው ስስ ምራቅ፣ ሁለት እርጥብ የመስተዋት ቁራጮች ሲደራረቡ እንደሚጣበቁ አድርጎ ያጣብቀዋል። የታችኛው ግን ለምላስ ቦታ መተው ስላለበት እንደ ፈረስ ኮቴ ጎበጥ ብሎ ይሠራል። የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ከውስጥ ምላስ፣ ከውጭ ጉንጭ ይገፋዋል። ስለዚህ የታችኛው ከላይኛው ይልቅ ቢነቃነቅ ሊያስደንቃችሁ አይገባም።

ደግሞም ይህ ዕቃ እጅግ በደንብ ቢስማማ እንኳ የሚያኝክበት ኃይል ከተፈጥሮ ጥርስ ኃይል ሩብ ያህሉን እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ አያታችሁ ጥርስ ስለተሠራላቸው እንደ ወጣትነታቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ ብላችሁ አትጠብቁ። መጠበቅ ያለባችሁ ሳያማቸው እንጀራ በወጥ እንዲበሉ፣ ዳቦ እንዲያኝኩ፣ አንደበታቸው ተፈትቶ እንዲጫወቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ እርሱም የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አገጣጠም ነው። እናቶች ሆይ፤ ይህን ለማወቅ ከቤታችሁ መውጣት አያስፈልጋችሁም። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል። ሦስቱ ጉልቻዎች እኩል ከሆኑ ድስቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አንዱ ጉልቻ ከፍ ቢል ግን ድስቱ ያዘነብላል፤ ባማሰላችሁ ቁጥር ይንሸራተታል፤ ወጡም በአንድ ወገን ይፈስሳል። ጥፋቱ የድስቱ አይደለም፤ የወጡም አይደለም። ጥፋቱ የአንዱ ጉልቻ ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስም እንዲሁ ነው። አፍ ሲገጠም በቀኝና በግራ ያሉት የኋላ ጥርሶች በአንድ ጊዜና በእኩል ኃይል መነካካት አለባቸው። አንዲት ጥርስ ከሌሎቹ ቀድማ ከነካች፣ የስስ ወረቀት ያህል እንኳ ከፍ ካለች፣ መደቡ ባኘኩ ቁጥር ያዘነብላል። በአንድ ወገን ድዱን ይጫነዋል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ይነሣል። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ያኝካል? ስንት ጊዜስ ምራቁን ይውጣል? ያው ቦታ በየጊዜው ሲጫን ይቀላል፤ ከዚያ ይላጣል፤ ከዚያ ይቆስላል።

ከዚህም የተነሣ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ከፍ ያለችው ጥርስ በቀኝ ሆና ሳለ ቁስሉ በግራ ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ቁስሉን ብቻ አይቶ በዚያ ያለውን መደብ መፋቅ በሽታውን አይነቅለውም። አንዱን ጉልቻ ዝቅ ማድረግ ሲገባ የድስቱን ቂጥ እንደ መፋቅ ያለ ነው።

ገበሬ ወገኖቻችንም ይህን በቀንበር ያውቁታል። ቀንበሩ የበሬውን ጫንቃ ሲልጠው ገበሬው ቀንበሩን ይጠርበዋል እንጂ በሬውን «ቻለው፤ ትለምደዋለህ» አይለውም። የሰው ድድ ደግሞ ከበሬ ጫንቃ ይልቅ እጅግ ስስ ነው። ታዲያ ለበሬያችን ያደረግነውን ለእናታችን እንዴት እንነፍጋለን?

«ሐኪሙ አበላሽቶት ይሆን?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። የድዱ ልክ የሚወሰደው በሚለሰልስ ነገር ነው፤ የአገጣጠሙም ልክ በሰም ነው። ከዚያ በጀሶ ይፈሰሳል፤ ጥርሱ በሰም ላይ ይደረደራል፤ ኋላም ሰሙ ይወጣና በምትኩ አክሪሊክ ገብቶ በሙቀት ይበስላል። አክሪሊክ ሲበስልና ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይኮማተራል። ድድ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ሲጫኑት ገባ ይላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የፀጉር ያህል ልዩነት ቢፈጠር አያስገርምም። ስለዚህ ማስተካከል የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ሥራው ለመበላሸቱ ምልክት አይደለም።

አገጣጠሙ ልክ አለመሆኑን በምን እናውቃለን ብትሉ፣ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ ሲነክሱ በአንድ ወገን ቀድሞ የሚነካ ሲመስላቸው፣ ወይም ጥርሱ ከነካ በኋላ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ሲንሸራተት።

ሁለተኛ፤ ሲናገሩ ዝም ያለው የላይኛው መደብ ሲያኝኩ ብቻ ሲወድቅ። ይህ የአገጣጠም ነገር ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ሦስተኛ፤ ሲናገሩ ጥርሱ ቋ ቋ ሲልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉንጭና መንጋጋ ሲደክማቸው። ይህ ጥርሱ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተሠርቶ ከሆነ የሚደርስ ነው።

አራተኛ፤ የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ ማለት ጥርሱ ዝቅ ሲል፣ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል፤ ከንፈር ወደ ውስጥ ይገባል፤ የአፍ ጥግና ጥግ በምራቅ እየራሰ ይሰነጠቃል። የአፍ ጥግ የሚሰነጠቀው ግን በሻጋታ ተሕዋስያን፣ በደም ማነስ ወይም በምግብ ጉድለት ምክንያትም ስለሚሆን መመርመር ያስፈልጋል።

አምስተኛ፤ ሲያኝኩ ጉንጫቸውን ወይም ምላሳቸውን ደጋግመው ሲነክሱ።

ስድስተኛ፤ ዝምታ ነው። ይህኛው ከሁሉ የከፋ ነው። አያት ምንም ሳይሉ ጥርሱን ማድረግ ከተዉ፣ ሥጋውን ለልጆች እየሰጡ ፍትፍቱን ብቻ ከበሉ፣ «ጠግቤአለሁ» ማለት ካበዙ፣ እንግዲህ እናንተ ጠይቁ።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም። ወደ አንድ ቀበሌ ለጉብኝት በሄድን ጊዜ አንዲት አሮጊት እናት ከማዕዱ ፈንጠር ብለው ሽሮ ፍትፍት ሲበሉ አገኘናቸው። ልጃቸው፣ «ሁለት በግ ሸጠን ጥርስ አሠርተንላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን አላደረጉትም» አለችን።

«እማማ፤ ጥርሱ የት አለ?» አልናቸው።

ልጃቸው ውሃ ልትቀዳ እስክትወጣ ድረስ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ልጆቼ፤ እንደ እሾህ ወጋኝ። እንዳልናገር ደግሞ በጋቸውን ሸጠውልኛል። አመመኝ ብዬ ምን ዓይን አለኝ? በጨርቅ ጠቅልዬ ከሣጥን አኖርሁት፤ ይኸው አራተኛ ወሩ ነው» አሉን።

ተመልከቱ እንግዲህ፤ ሁለት በግ ሄደ፣ እናትም አልበሉ፣ ልጅም ተቀየመች። ጥርሱን አስወጥተን አየነው፤ አልተሰበረም። ታጥቦ በንጹሕ ውሃ እንዲዘፈዘፍ አደረግን። ወደ ሠራላቸው ሐኪም እንዲመለሱና ከመሄዳቸው በፊት ባለው ቀን ጥቂት ሰዓት እንዲያደርጉት መከርናቸው። ሐኪሙ በቀለም ወረቀት ሲፈትነው በግራ በኩል አንዲት የኋላ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድማ ትነካ ኖሯል። እርስዋን ዝቅ አደረጋት፤ የሚወጋውንም የመደብ ጠርዝ አለሰለሰው። ከሳምንት በኋላ እንደ ገና ተመልሰው ጥቂት ተነካላቸው። ከዚያ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ጀመሩ። ይህን ሁሉ ጊዜ የከለከላቸው የወረቀት ውፍረት ያህል ነገርና ይሉኝታ ነው።

ሐኪሙ እንዴት እንደሚያስተካክለው ብታውቁ አትፈሩም። በመጀመሪያ አፉን አይቶ የቀላውንና የቆሰለውን ይለያል። መደቡ የሚጫንበትን ቦታ ለማግኘት በውስጥ በኩል ነጭ ቅባት ይቀባና በአፍ ውስጥ ያስገባዋል። ሲያወጣው ቅባቱ የተገፋበት ቦታ የሚጫነው ቦታ ነው፤ ያንን ጥቂት ይፍቀዋል።

ከዚያም ለአገጣጠሙ እንደ ካርቦን ወረቀት ያለ ቀለም የተቀባ ስስ ወረቀት በጥርሶቹ መካከል አግብቶ፣ «ቀስ ብለው ይንከሱ» ይላል። ቀለሙ አስቀድማ በነካችው ጥርስ ላይ ደምቆ ይታያል። ያንን ነጥብ በምትሽከረከር ትንሽ ድንጋይ ይሞርደዋል። እንደ ገና ያስነክሳል፤ እንደ ገና ይሞርዳል፤ በቀኝና በግራ ያለው ምልክት እኩል እስኪሆን ድረስ ይደጋግመዋል። ልዩነቱ የበዛ ከሆነም ሁለቱን መደቦች የመንጋጋን እንቅስቃሴ በሚመስል መሣሪያ ላይ አስሮ ከአፍ ውጭ ያስተካክላል። በመጨረሻም የተሞረደውን ይወለውለዋል፤ ሻካራ ሆኖ ከቀረ ምላስና ጉንጭ ይልጣልና።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚሞረደው ዕቃው ስለሆነ መርፌም ሆነ ማደንዘዣ አያስፈልግም። አዋቂ እጅ ግን ያስፈልገዋል። ወፍጮ የምትወቅር ሴት የት መምታት እንዳለባት፣ የትኛውን መተው እንዳለባት ታውቃለች። ሐኪሙም የትኛው ጥርስ ዝቅ እንደሚል፣ የትኛው እንደማይነካ ተምሮ ያውቃል። የተፋቀ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለዚህ በቤት ውስጥ እነዚህን አታድርጉ። ጥርሱን በሞረድ፣ በቢላዋ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁ። በእሳት ወይም በሻማ አሙቃችሁ ለማጠፍ አትሞክሩ። ቢሰበር በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፤ ሳይገጥም ይደርቃል፤ ለአፍም የሚሆን መድኃኒት አይደለም። ስብራቱን ሁሉ ሰብስባችሁ ለሐኪሙ ውሰዱለት። የላላውን መደብ በጨርቅ ወይም በጥጥ አትደግፉ። እንዲሁም የሞተ ሰው ጥርስ ለሌላ ሰው አይሆንም፤ የአንዱ ድድ ከሌላው ድድ ጋር አይመሳሰልምና።

አሁን ደግሞ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንናገር። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በከተማ ነው። ስለዚህ ጥርሱን የምትቀበሉበትን ቀን ስትወስኑ የመመለሻውንም ቀን አብራችሁ ወስኑ። የሚቻል ከሆነ ከዘመድ ቤት ሁለትና ሦስት ቀን አድራችሁ፣ ጥርሱ ከተበላበት በኋላ ለሐኪሙ አሳይታችሁ ወደ አገር ቤት ብትመለሱ መልካም ነው። ካልተቻለም በሳምንቱ ውስጥ ተመለሱ። የመንገዱን ገንዘብ ከጥርሱ ዋጋ ጋር አንድ አድርጋችሁ አስቡት።

ወደ ሐኪሙ ስትመለሱ ጥርሱን በኪስ ይዛችሁ አትምጡ። ሕመሙ እጅግ ካልበረታ በቀር ከመምጣታችሁ በፊት ጥቂት ሰዓት አድርጉት፤ ሐኪሙ የሚያየው የተጫነው ቦታ ሲቀላ ነውና። ሕመሙ ከበረታ ግን አውልቃችሁ ድዱን አሳርፉ። ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ አፍን ተጉመጥመጡ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅ ቢበዛ፣ አፍ የሞላ ቢመስል፣ ንግግርም ቢኮላተፍ አትደንግጡ። ይህ ለአዲስ ዕቃ የሚሆን ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለቅቃል። ለመልመድ የሚረዳው ድምፅ አሰምቶ መናገር ነው። አያት ማታ ማታ ለልጅ ልጆቻቸው ተረት ቢነግሩ ልጆቹም ይደሰታሉ፣ ምላሳቸውም ይሠለጥናል። ግን ልጆቹ በአነጋገራቸው እንዳይሥቁ አስቀድማችሁ ምከሯቸው። ከሕመሙ ሌላ ከሣቁም የተነሣ ሰው ጥርሱን ሊተወው ይችላል።

አበላሉም ይለመዳል፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። በመጀመሪያ ለስላሳ ምግብ ይሁን፤ ገንፎ፣ ክክ ወጥ፣ የበሰለ ድንች፣ ዕንቁላል፣ እርጎ። ከዚያ እንጀራ በትንንሹ እየተቆረሰ፣ ጎመን በደንብ በስሎ ተከትፎ፣ ሥጋም በጥቃቅኑ ተከትፎ ይሰጣቸው። ጉርሻው ትንሽ ይሁን። ማኘክም በአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ምግቡን በቀኝና በግራ ከፍሎ በሁለቱም ወገን ባንድነት ማኘክ ነው። እንዲህ ሲሆን መደቡ አያዘነብልም። በፊት ጥርስ መገንጠልም መደቡን ከኋላ ስለሚያነሣው መጥፎ ነው። የላይኛው መደብ ላንቃውን ስለሚሸፍን የትኩስ ነገር ስሜት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሻይና ቡና በከንፈር ተቀምሶ ይጠጣ።

ቀጥሎ ስለ ጽዳቱ። የቆሸሸ መደብ ቢስማማም ላንቃውን ያቀላል፤ በቆሻሻው ውስጥ የሻጋታ ተሕዋስያን ይራቡበታልና። ከምግብ በኋላ ሁሉ ጥርሱን አውልቆ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በተለይ ማታ፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውስጡንም ውጭውንም ማሸት ነው። አስቀድሞ እጅ ይታጠባል። በሚታጠብበት ጊዜ ከሥር ውሃ ያለበት ሣፋ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ይቀመጥ፤ ጥርሱ ከእጅ አምልጦ በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል።

በአመድ፣ በከሰል ወይም በአሸዋ አትሹት፤ መደቡን ይቧጥጠዋል፤ በጭረቱም ውስጥ ቆሻሻ ይቀመጣል። የፈላ ውሃ አታፍስሱበት፤ ይጣመምና ሐኪሙ የደከመበት አገጣጠም ሁሉ ይጠፋል። በረኪናም አታፍስሱበት፤ ቀለሙን ያነጣዋል። ድዱን፣ ላንቃውንና ምላሱን ደግሞ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ በየቀኑ ማሸት ያስፈልጋል።

ማታ ሲተኙ ጥርሱ መውለቅ አለበት። ድድም እንደ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ በጃፓን አገር ዕድሜያቸው 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎችን የተከታተሉ ሐኪሞች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት ከሌሎቹ ይልቅ ሁለት እጥፍ ያህል በሳንባ ምች ይያዙ እንደ ነበር አሳይተዋል። የወለቀው ጥርስ ታጥቦ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀመጥ፤ ውሃውም በየማታው ይለወጥ። ከደረቀ ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል። ዕቃው ልጆችና ውሻ ከማይደርሱበት ቦታ ይሁን።

ልብ በሉ፤ የሚከተለው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያስፈልጋል። ጥርሱ ከተስተካከለ ወይም ከወለቀ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል በአፍ ውስጥ ካለ፣ «የጥርሱ ነው» ብላችሁ አትተዉት። እንዲሁም የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የሚደማ ቦታ፣ የከንፈር መደንዘዝ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በአንገት ላይ የወጣ እባጭ ሲታይ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የአፍ ካንሰር እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላል፤ በጊዜ ከተገኘ ግን ለሕክምና ይመቻል። ትምባሆና ብዙ የአልኮል መጠጥ ይህን አደጋ ያበረታሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ጥርስ የሌለው ሰውም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ አፉን ቢመረመር ይጠቅመዋል።

«ዘንድሮ የተስማማው ጥርስ ከዓመታት በኋላ ለምን ላላ?» የሚል ጥያቄም ይቀርብልናል። ዕቃው አልሰፋም፤ አጥንቱ ነው የቀነሰው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይይዘው የነበረው የመንጋጋ አጥንት ሥራ እንደ ፈታ ሰው እየሰለለ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ከዚያም በኋላ በዝግታ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንዳገኙት የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጥርሱ ሲላላ ሐኪሙ በመደቡ ውስጥ አዲስ ሽፋን ይጨምርበታል፤ አገጣጠሙንም እንደ ገና ያየዋል። ጥርሶቹ ተበልተው ካለቁም ሌላ ይሠራል። የላላ መደብ እየተነቃነቀ ሲኖር ድዱን ያቆስላል፤ አጥንቱንም የበለጠ ሊጎዳው ይችላል።

የት እንደምትሄዱ ካላወቃችሁ በቅርብ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። እኛ አፉን አይተን ቁስሉ የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን እንለያለን፤ የሪፈር ወረቀትም ጽፈን የጥርስ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል እንልካችኋለን። ጥርሱን የሠራው ሐኪም ካለ ግን ከሁሉ በፊት ወደ እርሱ መመለስ ይሻላል፤ ልኩን የወሰደው እርሱ ነውና።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ትምህርት ውሰዱ። ከሰው ሠራሽ ጥርስ ሁሉ የተሻለው የተፈጥሮ ጥርስ ነው። ጧትና ማታ በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ጥርሳቸውን እንዲያጸዱ አስለምዷቸው፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ከተገኘ ይጠቀሙበት። ስኳርና ከረሜላ አታብዙባቸው። ጥርስ ሲያም ከመነቀል በፊት ሊድን እንደሚችልም እወቁ።

እንግዲህ የተናገርነውን በአጭሩ እንሰብስብ። የሚያም ጥርስ ይስተካከላል። የሚያስተካክለውም ሐኪም ነው፤ ሞረድ አይደለም። በሁለቱም ወገን ማኘክ፣ በየቀኑ ማጠብ፣ ማታ አውልቆ በንጹሕ ውሃ ማኖር ይገባል። በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ይታይ።

ከዚህ ንግግር ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው እናት ወይም አባት በቤታችሁ ካሉ፣ ለብቻቸው ቀርባችሁ፣ «ሲበሉበት ያምዎታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ስለ ገንዘቡ ግን አታንሡ። መልሳቸውን ከሰማችሁ በኋላ የምታደርጉትን አሁን ታውቃላችሁ።